የሰኞው ጭብጨባ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጋሼ፣

ትናንት ጠዋት ሰልፍ ላይ በማይክሮፎን ያመሰገንኳት ተማሪ፣ ትናንትናውኑ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከትምህርት ታገደች።

ሰላምታው ወደ ኋላ ስለቀረ ይቅርታ። እንደምን ከረማችሁ? እማዬ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? እኔ ደህና ነኝ። ያልደወልኩልህ አውቄ ነው፤ ስልክ ላይ ስናደድ እዘጋብሃለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው እቆጣለሁ። በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ስለምልከው በማግሥቱ ይደርስሃል።

እናንተ ትምህርት ቢሮ ለምትሰጡት የመምህራን ሥልጠና የጠየቅኸኝ ምሳሌ ይኸውልህ። ደስ የሚል እንዲሆን ፈልገህ እንደነበር አውቃለሁ።

የተማሪዎችን መልካም ጠባይ ስለማበረታታት አንተ ያዘጋጀኸው መመሪያ እኛ ጋ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በየሰኞው እያንዳንዱ ስም ጠሪ መምህር ከክፍሉ አንድ ልጅ ወደ ፊት ያወጣል። «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልጁ ምን እንዳደረገ በማይክሮፎን ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ልጁ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። እውነቱን ልንገርህ፣ ወድጄው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የበጥባጭ ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስም ለሌላ ነገር መጥራት እንደ እረፍት ሆኖልኝ ነበር።

በእኔ ሰባተኛ «ሀ» ውስጥ ፌንጣ የሚሏት ልጅ አለች። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት የቤተ ሙከራው በር ሳይቆለፍ ታገኘዋለች። ትገባለች፤ ከመስኮቱ ሥር የሞተች ዝንብ አንስታ ክንፏን በማይክሮስኮፑ ታያለች። ወደ ቦታው ስትመልሰው ከእጇ ያመልጣትና ትልቁ ሌንስ ይሰነጠቃል። ሽፋኑን አልብሳው ትወጣለች። በማግሥቱ የዲሲፕሊን ኃላፊው (ልጆቹ ፊሽካ ይሉታል፣ ፊሽካውን ከአንገቱ አውርዶት ስለማያውቅ) «መጨረሻ የገቡት ሰባተኛ ‹ለ›ዎች ናቸው» ብሎ፣ ክፍሉ በሙሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቤተ ሙከራ እንዳይረግጥ ከለከለ።

ዓርብ ዕለት ፌንጣ በእረፍት ሰዓት መጣችና፣ «ቲቸር፣ ማይክሮስኮፑን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«ማንም። እኔኮ የዝንብ ክንፍ አይቻለሁ። እነሱ ምንም ሳያዩ ዓመቱ ሊያልቅባቸው ነው።»

አንጀቴን ነው ያራሰችው። ሰኞ ጠዋት አወጣኋትና፣ እንደታዘዝነው ድርጊቱን ጠቀስኩ፦ «ማንም ሳይጠይቃት፣ ሌሎች በእሷ ጥፋት እንዳይቀጡ፣ ማይክሮስኮፑን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብላ እውነቱን ስለተናገረች።» ከዚያ ከሰባተኛ «ለ» በኩል ጭብጨባ ተነሳ፤ ሌላውም ተከተለ። ዳይሬክተሩም አጨበጨቡ። በዓይኔ አይቻለሁ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፊሽካ የክፍሌን በር ከፍቶ፣ «ቦርሳዋን ይዛ ትውጣ» አለ።

ዳይሬክተሩ ቢሮ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«በራሷ አንደበት አምናለች፤ ሌላ ምርመራ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«በራሷ አንደበት አይደለም፣ በእኔ አንደበት ነው።»

«ያው ነው።»

«አጨብጭበዋል እኮ።»

«ጭብጨባው ለፕሮግራሙ ነው» አሉኝና ስልካቸውን አነሱ።

የትምህርት ቤቱን ንብረት ሆን ብሎ ያበላሸ ተማሪ ለዓመቱ ይሰናበታል ይላል ደንቡ። ያለ ፈቃድ ከነካችው ሆን ብላ ነው ይላሉ። ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመርቷል። ከተሰናበተች ዓመቱ ውሃ በላው ማለት ነው። የምታሳድጋት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጅቷን አንዴ ማሽኑ ሥር ካስቀመጠቻት መልሳ የምታስመዘግባት አይመስለኝም።

መመሪያህ ለዚህ የሚለው ነገር ካለ ንገረኝ።

እህትህ


ሐሙስ፣ የካቲት 6

እታለም፣

በመልእክት ደግመሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ «አለ» ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ።

ቃል በቃል ልገልብጥልሽ። «ልጁን ሳታስፈቅዱ በሰው ፊት አታመስግኑ። ጥፋት ያለበትን መልካም ሥራ ለብቻው ጠርታችሁ አመስግኑ። ልጅ አምኗችሁ የነገራችሁ ነገር ለቅጣት ማስረጃ አይሆንም።» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በደማቅ ቀለም ነው የታተመው፤ ይድመቅልኝ ብዬ ከአታሚው ጋር የተጨቃጨቅኩት እኔ ራሴ ነኝ።

እንግዲህ አንብበሽው ከሆነ ረስተሽዋል። ካላነበብሽው ደግሞ፣ ሳያነቡ ማይክሮፎን መያዝ ምን ይባላል? በልጅቷ ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል። ግን የሦስት ዓመት ሥራዬን ዳይሬክተራችሁ ባደረጉት ነገር አትለኪብኝ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እማዬ ስለጠየቀችኝ ነው። ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ የሚለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለች። ደገምኩላት።

«በዚያው እጁ ነው ልጅቷን ያባረረው?» አለች።

«በሌላ በየትኛው ያባርር፣ እማዬ?»

«አይ፣ ምናልባት አንዱን ለሌላ ሥራ ያስቀመጠው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ስለ ዓይኗ ላልሽው፣ ደህና ናት፤ ስትመጪ ታያታለሽ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ አልጻፍሽም። ምስክሩ ማን እንደሆነም አልጻፍሽም። ያለ ምስክር ኮሚቴ ተሰብስቦ አያውቅም። አንቺ ደግሞ ነገር የምትረሺ ሰው አይደለሽም።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጋሼ፣

ገጽ ዘጠኝ የሚባል ነገር የለም። ገጽ አንድም የለም።

በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በእሳት ማጥፊያውና በተረኞች ሰሌዳ መካከል አንድ ፖስተር ተለጥፏል። አራት መስመር ነው። «ፈጥናችሁ አመስግኑ። ድርጊቱን ጥቀሱ። በሁሉም ፊት ይሁን። በየሳምንቱ ይደገም።» ከሥሩ የቢሮህ ማኅተም አለበት። እኛ መመሪያ የምንለው ይህንን ነው። ሌላ ያየ እንዳለ መምህራኑን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። የስፖርት መምህሩ፣ «ዘጠኝ ገጽ? ዘጠኝ ገጽ ቢልኩልን ኖሮ የተሰበረውን መስኮት እንሸፍንበት ነበር» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ፈቃዷን አልጠየቅኋትም። ይህን በማንም አላላክክም፣ የእኔ ነው። ሌላው ግን የእኔ አይደለም። ስለ ማይክሮፎኑ የጻፍከውን ቃል መልሰህ ውሰድ።

ልጅቷን አየሻት ወይ ብለህ በመልእክት ለጠየቅኸኝ፣ ትናንት ከሥራ ስወጣ ሄጄ አየኋት። አንድ ክፍል ቤት ነው። የስፌት ማሽኑ ብርሃን እንዲያገኝ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ለመግባት ጨርቅ መሻገር አለብህ። ጨርቁ ደግሞ ዩኒፎርም ነው፣ የእኛው ትምህርት ቤት። ፌንጣ መሬት ላይ ተቀምጣ ከእጅጌዎቹ ላይ ትርፍ ክር ትመዛለች። ዝም ብላ ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

አክስቷ ቀና ብላ አላየችኝም። «ይግቡ ቲቸር። ልጄን ያመሰገኑልኝ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ከዚህ በኋላ እንዳያመሰግኑብኝ።»

አንድ እጅጌ ሰፍታ ጨርሳ ሌላ አነሳች።

«ሰዎቹ ሲጠይቁዎት አልሰማሁም ይበሉ» አለችኝ። «ተሳስቼ ነው የሰማሁት ይበሉ። መምህር ከመቼ ወዲህ ነው ተማሪ የሚለውን የሚሰማው?»

«አክስቴ፣ ብያታለሁ እኮ» አለች ፌንጣ።

«አንቺ ዝም በይ። ማለትሽ ነው እዚህ ያስቀመጠሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጭብጨባውን ልመልስ?»

የአክስትየው እግር ከማሽኑ ላይ ቆመ። ፊቷን በያዘችው ጨርቅ ሸፈነች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለመሳቅ እኔ ምን መብት አለኝ።

ልወጣ ስል ፌንጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ቲቸር፣ ሰባተኛ ‹ለ›ዎች ቤተ ሙከራ ገቡ?»

«ገና ናቸው» አልኳት።

አልገቡም፣ ጋሼ። አጥፊዋ እኔ ነኝ ብላ ከታገደች በኋላም እነሱ እንደታገዱ ናቸው። ፊሽካን ብጠይቀው፣ «የኮሚቴው ውሳኔ ሳይመጣ የቱን ላንሳ?» አለኝ። እስከዚያ ለአንድ ሌንስ አንዲት ልጅና አንድ ሙሉ ክፍል እየተቀጡ ነው።

የኮሚቴው ቀን ገና አልተቆረጠም። ስለ ምስክሩ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ


ረቡዕ፣ የካቲት 12

እታለም፣

መመሪያው ከማተሚያ ቤት ከመጣ ጀምሮ ከግምጃ ቤታችን አልወጣም።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ወርጄ አየሁት። ከተሰበሩት ወንበሮች ጀርባ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል፣ ገመዱ እንኳን አልተፈታም። የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ «ይህ ለምን አልተላከም?» ብለው፣ «ፖስተሩን አሰራጩ ነው የተባልነው። መጽሐፉ ይከብዳል፣ መኪና የለም» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ። አለቃዬ ቢሮ ወጣሁ። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ፍሬ ነገሩ ፖስተሩ ላይ አለ አይደል? ደግሞስ መምህር መች ያነባል?» አሉኝ።

ፍሬ ነገሩን ማን እንደመረጠው ጠየቅኩ። ማንም ኃላፊነት አይወስድም። አራቱ መስመሮች ከተለያየ ገጽ ተቆርጠው የተጣበቁ ናቸው፤ «አድርጉ» የሚለው ሁሉ ተወስዷል፣ «አታድርጉ» የሚለው ሁሉ ቀርቷል። ለልጅ መኪና ሰጥቶ ፍሬኑን ለብቻው ግምጃ ቤት እንደመቆለፍ ነው። ስወጣ በሩን በኃይል የዘጋሁት ይመስለኛል።

መምህር መች ያነባል ሲሉኝ አንቺን አሰብኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እኔም ይህንኑ በተሻለ ሰዋስው ጽፌልሽ እንደነበር አሰብኩ። ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ። ይቅር በይኝ።

ቢሮው ለትምህርት ቤታችሁ አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቄ ነበር፤ ስለ ገጽ ዘጠኝ ብቻ። «ቢሮው በአንድ ትምህርት ቤት ውሳኔ ውስጥ እጁን አያስገባም» ተባልኩ። ፖስተሩን ሲለጥፍ ግን አስገብቶ ነበር።

ምስክሯ አንቺ እንደሆንሽ ገብቶኛል። ዝም ያልሽኝ ለዚያ ነው። እንግዲህ ባትጠይቂኝም፣ እኔ ብሆን አላስታውስም እላለሁ። አንድ ቃል ናት። ልጅቷ ክፍሏ ትገባለች፣ አክስቷ ታርፋለች፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። በዚህች ቃል የሚጎዳ ሰው አይታየኝም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ እማዬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ዘለልኩት። እንዴት እንዳወቀች እንጃ፣ «መጨረሻውን ዋጥከው» አለችኝ።

ወንድምሽ


ዓርብ፣ የካቲት 14

ጋሼ፣

አይሆንም።

ኮሚቴው ሐሙስ የካቲት 20 ሊሰበሰብ ተቆርጧል። ምስክሯ እኔ ብቻ ነኝ። ደንቡ ተማሪ ኮሚቴ ፊት አይቀርብም ይላል፤ ስለ እሷ የምትናገረው ስም ጠሪዋ ናት። እናም ሜዳ ሙሉ ሰው ከሰማው ውስጥ እንደ ማስረጃ የሚቆጠረው የእኔ ቃል ብቻ ነው። ይህንን ደብቄህ የቆየሁት ልክ አሁን የሰጠኸኝን ምክር እንዳትሰጠኝ ፈርቼ ነበር።

ትናንት ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። በሩን ራሳቸው ዘጉ፣ ወንበር ሳቡልኝ። እዚህ ሳስተምር አሥር ዓመት አልፎኛል፤ ወንበር ሲስቡልኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«መምህርት፣ ሁላችንንም የሚያስማማ መንገድ አለ» አሉ። «የበላይ ቢሮው ስለ ፕሮግራሙ ሪፖርት ይጠብቃል። የተመሰገነች ተማሪ ተባረረች ሲባል ለጆሮ አይጥምም።»

«ታዲያ አትባረር።»

«እሱማ ደንብ ነው። ግን አንቺ ሰኞ ማይክሮፎኑን ይዘሽ፣ ምስጋናው በስህተት ነበር፣ ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረችም ብትዪ፣ ፋይሉ በዚያው ይዘጋል። ማክሰኞ ክፍሏ ትገባለች።»

«ሰባተኛ ‹ለ›ስ?»

«እነሱማ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ መታገሥ አለባቸው።»

ልብ በል፣ ጋሼ። አንተና እሳቸው ሳትተዋወቁ ተስማምታችኋል። የሚጎዳ ሰው አይታየኝም ብለሃል። ሰባተኛ «ለ» ውስጥ ያሉት ሰዎች አይደሉም? ልጅቷ መጀመሪያውኑ የመጣችው ስለ እነሱ ብላ ነው። አላስታውስም ካልኩ፣ ያደረገችውን ሁሉ በአንዲት ቃል አፈርስባታለሁ። ከዚያ በማግሥቱ ሳይንስ ላስተምራት ስገባ፣ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት? ተመልከቱ፣ እዩ፣ ያያችሁትን ጻፉ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ሰልፍ ላይ ምን ተመሰገነ መሰለህ? ጥቁር ሰሌዳ የጠረገ። ከስምንተኛ አንዷ ፀጉሯን ስለሰበሰበች። አንዱ ደግሞ የጫማውን ክር በማሰሩ። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ከመምህራኑ ጋር እየተደራደሩ የሚያስመርጡት፤ ማንንም ወደ ቢሮ የማያስጠራ ምስጋና። ረቡዕ ዕለት ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ፣ ማንበብ የሚከብደውን ጎረቤቱን ማንም ሳያየው በጣቱ እየመራ ሲያስነብበው አየሁ። ገና አፌን ስከፍት ተነስቶ ቆመ።

«ቲቸር፣ በናትሽ እኔን እንዳታመሰግኚኝ። እናቴ ሥራ ላይ ናት፣ መጥታ መፈረም አትችልም።»

ክፍሉ አልሳቀም። እንደ ተራ ነገር ነው የሰሙት። ወላጅ አምጣ የሚባለው ለምስጋናም ጭምር እንደሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተምረዋል። ጠባይ አበረታታን ማለት ይህ ነው።

ማይክሮስኮፑን ራሴ አውጥቼ አየሁት። የተሰነጠቀው ትልቁ ሌንስ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ትናንሾች ደህና አድርጎ ያሳያል። ይህን ከእኔ በፊት ሽፋኑን ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም። ኮሚቴውን የምጠይቀው ይህ ነው፦ ምስጋናው እንደጸና ይሁን፤ ልጅቷ ትመለስና እስከ ዓመቱ መጨረሻ በምሳ ሰዓት ቤተ ሙከራውን ታሰናዳ፤ ሰባተኛ «ለ» ይግባ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ የምታስቀምጣቸውም እሷ ትሁን። ሰበረች፣ አልካድንም። የሰበረ ይጠግናል። መባረር ምን ይጠግናል?

የዋጥከውን አንቀጽ ለእማዬ አንብብላት።

እህትህ


እሑድ፣ የካቲት 16

እታለም፣

አነበብኩላት። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ እራት እስኪቀርብ አላናገረችኝም። ሲቀርብም ጨው የጠየቀችው የልጄን እናት ነው፣ ጨው ከፊቴ ተቀምጦ ሳለ።

ለረቡዕ የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ከግምጃ ቤቱ አንድ እሽግ መመሪያ በፊርማዬ አውጥቻለሁ። አለቃዬ «በማን ስም ነው የምትሄደው?» አሉኝ። «በእህቴ ወንድምነት» አልኳቸው። ፈቃዱን ገና አልፈረሙልኝም። ባይፈርሙም እመጣለሁ። ኮሚቴው ውስጥ እንደማያስገቡኝ አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆሜ ገጽ ዘጠኝን ለሚገባው ሁሉ በእጁ አስይዘዋለሁ።

ሌላው፣ ስለ እማዬ የጠየቅሽኝን በአንድ ቃል አልፌዋለሁ። ዓይኗ ባለፈው ወር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ደህና ሆኗል፣ ሐኪሙ መንገድ ብቻ ነው የከለከላት። ዝም ያሰኘችኝ እሷ ናት፤ «እህትህ ፈተና እያረመች ነው፣ አታስደንግጣት» ብላ። ትናንት ግን ሐሳቧን ለወጠች። «ንገራት፤ በዚህ ቤት የሚዋጥ አንቀጽ በዛ» አለችኝ። አንቺን ለማየት መምጣት ስላልቻለች ለእኔ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዳይሬክተሩን ስታገኘው እጁን እየው።»

ነገ ማይክሮፎኑን ስትይዢ ምን እንደምትዪ አላውቅም፣ አልመክርሽምም። ብቻ ልጅቷን አስቀድመሽ ጠይቂያት።

ወንድምሽ


ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ጋሼ፣

ትናንት ሰልፍ ላይ ማንም አላጨበጨበም።

ስለ እማዬ በጻፍከው መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። ስንገናኝ እንጨርሰዋለን።

ለመጨረሻው ነገርህ፣ ጠይቄአታለሁ። ደብዳቤህ ገና አልደረሰኝም ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ አክስቷ ቤት ሄጄ፣ ዳይሬክተሩ ያሉትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ለሁለቱም ነገርኳቸው። ማክሰኞ መመለስ እንደምትችልም፣ በምን እንደምትመለስም። ካልሆነ ግን ሐሙስ ራሷ ኮሚቴው ፊት እንድትናገር ልጠይቅ እንዳሰብኩም ነገርኳቸው።

አክስትየው ማሽኑን አቁማ ልጅቷን አየች። እኔም አየኋት።

«እንዲህ አላለችም ካልሽ፣ ዝንቧን ማን አያት ሊባል ነው?» አለች ፌንጣ።

«ማንም አላያትም ማለት ነው» አልኳት።

«አይቻታለሁ እኮ።» ትንሽ አሰበች። «እንደ መስኮት ናት፣ ቲቸር። ክፈፍ ክፈፍ አላት።»

«ታዲያ ነገ ምን ልበል?»

«ስሜን አትጥሪ። ክንፏን ንገሪያቸው።»

አክስቷ የልጅቷን ዩኒፎርም ከሚስማሩ ላይ አውርዳ የታችኛውን እጥፍ በመቀስ መፍታት ጀመረች። «አጥሯታል» አለችኝ። «ሐሙስ ሰው ፊት ልትቆም የምትችል ከሆነ፣ ጉልበቷ እየታየ አትቆምም።»

ሰኞ ተራዬ ሲደርስ ዳይሬክተሩ ከጎኔ ቆመው ነበር። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። «ከሰባተኛ ‹ሀ› አንዲት ተማሪ የዝንብ ክንፍ በማይክሮስኮፕ አይታለች» አልኩ። «እንደ መስኮት ክፈፍ ክፈፍ አለው ብላለች። ሰባተኛ ‹ለ›ዎችም እንዲያዩት ትፈልጋለች። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ምስጋና በስህተት አልነበረም። እንደጸና ነው። ስህተቱ እሷን ሳልጠይቅ መናገሬ ነው፤ ዛሬ ጠይቄአለሁ።»

ያን ያህል ልጅ በቆመበት ሜዳ ላይ አንድም እጅ አልተነሳም። አልተቀየሙኝም። በእኛ ትምህርት ቤት ጭብጨባ ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ግን ሰባተኛ «ለ»ዎች ወደ ክፍላቸው ሲገቡ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ አንዷ ቀስ ብላ «ስንት ክፈፍ?» አለችኝ። እሷ መጥታ ትነግራችኋለች አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ከዳይሬክተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሁለቱ እኔ የምለውን እንደሚቀበሉ ነግረውኛል። ዳይሬክተሩና ምክትላቸው አይቀበሉም። አምስተኛው ፊሽካ ነው። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

«ስሚ» አለኝ፣ ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ። «ድሮ መስኮት ሲሰበር ሦስት ልጅ እየተሽቀዳደመ መጥቶ ይነግረኛል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ሁለት ተሰብሯል። አንድ የሚተነፍስ የለም።»

«ለምን ይመስልሃል?»

«እሱን አይደል የምልሽ።»

«ታዲያ ሐሙስ ምን ትላለህ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ነው» አለኝና፣ የእረፍቱ ሰዓት ሳያልቅ ፊሽካውን ነፋ።

ይህ ደብዳቤ ነገ ጠዋት ከመሳፈርህ በፊት ከደረሰህ፣ ከእሽጉ አንዱን ለፊሽካ ለይተህ ያዝልኝ። አንድ ተጨማሪ ነገርም ጠይቄአለሁ፦ ፌንጣ ራሷ ገብታ ትናገር ብዬ። ደንቡ አይፈቅድም ብለውኝ ነበር፤ በጽሑፍ ስጠይቅ ግን ነገ ከሰዓት በኋላ እንመልስልሻለን አሉ። ከአውቶቡስ ስትወርድ መልሱን እነግርሃለሁ። ገባችም አልገባችም፣ እጥፉ የተለቀቀውን ዩኒፎርሟን ለብሳ ከአክስቷ ጋር በር ላይ ትሆናለች፤ አንተም እዚያው ስለምትቆም ታውቃታለህ፣ ዝም ብላ መቆም የማትችለዋ ናት።

ኮሚቴው ሐሙስ፣ የካቲት 20፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል።

እህትህ